ሴፍቲ ወይስ ሴኩሪቲ? ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላትን በአንድ ምሽት የመለየት መንገድ

ኮምቦልቻ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የማነሣባት፣ ማመልከቻ የምጽፍባትና ትርጉም የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ማስታወቂያ ላከልኝና ወደ አማርኛ መለስኩት። የሥራ መደቡ «ሴፍቲ ኦፊሰር» ይላል። እኔም እጄ እንዳመጣልኝ «የደህንነት ኦፊሰር» አልኩት። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግሥት በሬ ላይ የተሰለፉት ጡረታ የወጡ ወታደሮችና የመጋዘን ዘበኞች ነበሩ፤ ሁሉም ማመልከቻ ጻፍልን ባዮች።

አንደኛውን አዛውንት «ጋሼ፣ እነሱ የሚፈልጉት እኮ የማሽን አደጋ የሚከላከል፣ እሳት ማጥፊያ የሚፈትሽ ሰው ነው» ብላቸው፣ «ታዲያ ደህንነት ይላል አይደል እንዴ ልጄ? ሃያ ዓመት መጋዘን ስጠብቅ የኖርኩት ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። እሳቸው ያነበቡት የተጻፈውን ነው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲመሳሰሉብኝ የምከተለውን አካሄድ እዚህ አስቀምጣለሁ። ምሳሌዬ ያው ያቃጠለኝ ጥንድ ነው፤ አካሄዱ ግን ለሌላም ይሆናል። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስና ስልካችሁ ላይ የተጫነ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚፈታውን ለዚህ ምሽት አስቀምጡት። ሁለቱንም ቃል «ደህንነት» ብሎ የሚያልፈው እሱ ነውና እንኳን ሊገላግላችሁ የችግሩ ምንጭም እሱው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። እንዲህ ያለውን መለየት በራሳችሁ ቋንቋ በየቀኑ ትሠሩታላችሁ። ድስት ከጎረቤት ትዋሳላችሁ፤ ገንዘብና ጤፍ ትበደራላችሁ። ድስቱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ የተበደራችሁት ጤፍ ግን ተበልቶ ሌላ ጤፍ ነው የሚመለሰው። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማራችሁም። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮው» ብሎ ያልፋል። መቶ ብር ተዋስኩ የሚል ሰው ባይጠፋም ጆሮ ይኮረኩራል፤ «የብርድ ልብስ ተበደርኩ» የሚል ግን ያስቃል። አሁን የምትፈልጉት ያንን ጆሮ ለእንግሊዝኛው ማብቀል ነው።

1. አጣባቂውን ቃል ያዙ

ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲምታቱብን ብዙ ጊዜ አንድ የአማርኛ ቃል ሁለቱን አቅፎ ይዟቸዋል። የገጹ አናት ላይ ያንን ቃል ጻፉ፦ ደህንነት። አይክፋችሁ፤ ጀርመኖች ለሁለቱም «ዚኸርሃይት»፣ ስፓኞች «ሴጉሪዳድ» ነው የሚሉት። ተርጓሚዎቻቸው ልክ እንደኛ ይቸገራሉ።

ቀጥሎ አማርኛ ራሱ የት ላይ እንደለያቸው ፈልጉ። እኔ ይህን ሳደርግ የደነቀኝ ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት «ሴኩሪቲ ካውንስል» በአማርኛ የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ የደህንነት ምክር ቤት ብሎ የሚጠራው የለም። «ሶሻል ሴኩሪቲ» ማኅበራዊ ዋስትና፣ «ጆብ ሴኩሪቲ» የሥራ ዋስትና ነው። ባንክ ለብድር ቤታችሁን ሲይዝ ያ ቤት በእንግሊዝኛው ውል «ሴኩሪቲ» ነው፤ እኛ መያዣ እንላለን። በር ላይ የሚቆመው ሰው ጥበቃ ወይም ዘበኛ ነው፤ ዛሬ ዛሬ እንዲያውም ቃሉን እንዳለ ወስደን «ሴኩሪቲ» ብለነዋል። ጸጥታ፣ ዋስትና፣ መያዣ፣ ጥበቃ፦ ሴኩሪቲ አማርኛ ውስጥ አራት ቤት ተከራይቷል ማለት ነው። ሴፍቲ ግን ደህንነት ውስጥ ብቻ ይኖራል፤ አልፎ አልፎ ጥንቃቄ ጋ ይጠጋል።

ደህንነት በመንገድ ላይ ወሬ ሌላም ትርጉም አለው። «ሰውየው ደህንነት ነው» ከተባለ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ድምፅ ሁሉ ዝቅ ይላል። ማስታወቂያዬን ያነበቡ አንዳንድ ወጣቶች ሳያመለክቱ የቀሩት በዚህ ይመስለኛል።

2. ፍች አትሰብስቡ፣ ዓረፍተ ነገር ሰብስቡ

ለእያንዳንዱ ቃል አሥር ያህል። ራሳችሁ የፈጠራችሁት አይቆጠርም፤ ሰው ለሥራው ብሎ የጻፈው መሆን አለበት። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለች ወረቀት፣ የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ፣ የአውሮፕላን ትኬት ጀርባ፣ የብድር ውል፣ ስልካችሁ «ሴቲንግ» ውስጥ ያሉት አርእስቶች ይበቃሉ። ስልኩ ላይ የይለፍ ቃልና የጣት አሻራ የሚገኙት «ሴኩሪቲ» በሚለው ሥር መሆኑን እግረ መንገዳችሁን አስተውሉ።

3. ጎረቤቶቻቸውን እዩ

ቃል በጎረቤቱ ይታወቃል። ከዓረፍተ ነገሮቻችሁ ውስጥ ከሁለቱም ጋር የሚውሉ ስሞችን አውጡ። ለኔ ምግብ፣ መንገድና ሥራ ወጡልኝ።

ሥራ ቀላል ነው። «ጆብ ሴፍቲ» ጣታችሁ በማሽን እንዳይቆረጥ፣ «ጆብ ሴኩሪቲ» ነገ ከሥራ እንዳትባረሩ። ጣቱ ሙሉ ሆኖ ሥራውን ያጣ አለ፤ ሥራው ቋሚ ሆኖ ጣቱን ያጣም አለ።

መንገድ ደግሞ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው አስተማሪ ነው። ከደሴ ቁልቁል ስትወርዱ ጉሙ፣ ጠመዝማዛው፣ የጭነት መኪናው ፍሬን መያዝ አለመያዙ «ሮድ ሴፍቲ» ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ደውላችሁ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁት ግን ስለ ጉሙ አይደለም። ያ ሴኩሪቲ ነው። እዚህ ላይ የኛ «ሰላም» አምስተኛ ቤት ሆኖ ለሴኩሪቲ ሲያገለግል ታያላችሁ፤ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ አምልጦኝ ነበር። ዝርዝራችሁን ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ያለ ነገር ነው።

ምግብ ላይ ረጋ በሉ። ከሰኞ ገበያ የተገዛው በርበሬ ሻግቶ መርዝ እንዳይኖረው መመርመር «ፉድ ሴፍቲ»፣ በአማርኛ የምግብ ደህንነት ነው። ቤተሰቡ እስከሚቀጥለው መኸር የሚበላው ማግኘት አለማግኘቱ «ፉድ ሴኩሪቲ»፣ የምግብ ዋስትና ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የጨረሰው ረሃብ የዋስትናው ጉዳይ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ያንን ዘመን ሲያጠና ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም እንደነበረ አሳይቷል። እህል አለ፤ ገበሬው ግን የሚገዛበት አቅም አልቆበታል። በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሮም ላይ የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤም ፉድ ሴኩሪቲን ሲፈታ ሰው ሁሉ በማንኛውም ጊዜ በቂ፣ «ሴፍ» የሆነና ገንቢ ምግብ በእጁም በአቅሙም ማግኘት መቻሉን ነው ያነሣው። ልብ በሉ፤ በሴኩሪቲው ፍች ውስጥ ሴፍ ገብታለች። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን የቆሙ ብቻ አይደሉም፤ አንዳንዴ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ይገኛል።

4. አቀያይሯቸው

አንድ ዓረፍተ ነገር ውሰዱና ቃሉን አንሥታችሁ ሌላውን ተኩ። ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ይሞታል፣ ይለወጣል ወይም አይነካም።

«ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ሴፍ ነው» በሚለው ላይ «ሴኩር» ብታደርጉ ይሞታል። የይለፍ ቃል ደግሞ «ሴኩር» ካልሆነ አይሆንም። «የቦርከና ድልድይ ሴፍ ነው» ካላችሁ አይደረመስም፣ እለፉ ማለት ነው፤ «ሴኩር ነው» ስትሉ ግን ዘብ ቆሞለታል፣ በእጃችን ነው ማለት ይሆናል፤ ተለወጠ። ልጁ እናቱ ጉያ ውስጥ ሲሆን «ሴፍ» ተሰማው ብትሉም «ሴኩር» ተሰማው ብትሉም ብዙ ልዩነት የለውም። ያልተነኩትን ለብቻ ጻፏቸው፤ መደራረቡ እዚያ ስለሆነ ጊዜ አታባክኑባቸው። ሥራችሁ ከተለወጡት ጋር ነው።

ከተለወጡት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ የበሩ ምሳሌ ነው። አንድ የስፌት አዳራሽ የኋላ በር አለው እንበል። ጨርቅ እንዳይሰረቅ ይቆለፋል። እሳት ቢነሣ ሠራተኛ እንዲያመልጥ ይከፈታል። አሁን በአማርኛ እነዚህን ሁለት ማስታወቂያዎች በሩ ላይ ለጥፉ፦ «ለደህንነት ሲባል ይህ በር ይቆለፋል።» «ለደህንነት ሲባል ይህ በር አይቆለፍም።» ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይሽራል። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው ላይ ሴኩሪቲ፣ ሁለተኛው ላይ ሴፍቲ ነው የሚገባው፤ ብትለዋውጧቸው ያነበበው ሁሉ ግራ ይጋባል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ1911 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ማርች 25 ቀን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። አንደኛው መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኞቹ ሲወጡ በአንድ በር ብቻ አልፈው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ተብሎ የተደረገ ነው። ለሴኩሪቲ ሲባል የተቆለፈ በር ሴፍቲን በላው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያተኮረው ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ላይ በመሆኑ፣ እዚህ ከተማ ለሚሠራ ተርጓሚ ይህ በር የሩቅ ታሪክ አይደለም።

5. «ከምን?» ብላችሁ ጠይቁ

እያንዳንዱ ጥንድ የሚገለጥበት የራሱ ጥያቄ አለው። ለዚህኛው «ከምን ነው የሚጠበቀው?» የሚለው ነው። ሴፍቲ ማንም ሳያስበው ከሚደርስ ጉዳት፦ ከእሳት፣ ከሚያዳልጥ ወለል፣ ከተበላሸ ፍሬን። ሴኩሪቲ ሆን ብሎ ከሚመጣ እጅ፦ ከሌባ፣ ከታጣቂ፣ ስልክ ከሚሰብር ጠላፊ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሄደ ሰው ይህን በወገቡ ያውቀዋል። ፍተሻው ጋ «ቀበቶ ፍቱ» ይባላል፤ ያ ሴኩሪቲ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ «ቀበቶ እሰሩ» ትባላላችሁ፤ ያ ሴፍቲ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ሁለቱን በየፋይላቸው ነው ያስቀመጣቸው፤ ከሲቪል አቪዬሽን ስምምነቱ አባሪዎች 17ኛው ስለ ሴኩሪቲ፣ 19ኛው ስለ ሴፍቲ አያያዝ ነው።

ጥያቄው ግን ሁሉን አይፈታም፤ የሚያፈነግጡትን ደብቃችሁ ደንባችሁን አታሳምሩ። «ሴፍ» በስምነት ሲመጣ ካዝና ነው፤ ካዝና ደግሞ ከሌባ ነው የሚጠብቀው። የምግብ ዋስትናም የግድ ጠላት አለው ማለት አይደለም። ይኸኛው ነው ደንቤን በግማሽ ያፈረሰብኝ። መልሼ ሳየው ሴኩሪቲ ሁለት ፊት ነበረው፤ አንዱ ከክፉ እጅ መጠበቅ፣ ሌላው የነገ ነገር አለመናወጡ። ዋስትና የሚለውን ቃል የጠራነው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

6. ዘመዶቻቸውን ጥሩ

ግሥ አላቸው? «ሴኩር» ግሥ ይሆናል፦ አይሱዙ ላይ ጭነት በገመድ ማሰር፣ ብድር ማግኘት፣ በር መቀርቀር ሁሉ «ሴኩር» ነው። ሴፍ ግን ግሥ አይሆንም፤ ግሡ «ሴቭ» ነው፤ «ቁጥርህን ሴቭ ላድርገው» የምንለው። ተቃራኒያቸውስ? «አንሴፍ» አደገኛ ነው። «ኢንሴኩር» ግን ሰው ላይ ሲወድቅ በራሱ የማይተማመን፣ ውስጡ የሚፈራ ማለት ነው። የሴኩሪቲ ሁለተኛ ፊት፣ አለመናወጡ፣ እዚህ ላይ ወደ ሰው ልብ ገባ።

7. ሥራቸውን ቆፍሩ፣ ግን ዳኛ አታድርጓቸው

ይህን እርምጃ ብትዘሉት ምንም አትጎዱም። እኔ ስለምወደው ነው።

«ሴፍ» የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ሳልቩስ» ነው፤ ሙሉ፣ ያልተጎዳ፣ የዳነ ማለት ነው። «ሴቭ»ም ከዚያው ነው። አሁን የኛን እዩ፦ ደኅና፣ ደኅንነት፣ ድኅነት፣ መድኃኒት። አንድ ሥር ናቸው፤ ነገራቸውም ሁሉ መዳን ነው። ስለዚህ ደህንነት በአጥንቱ ሴፍቲ ነው፤ ሴኩሪቲን ያስጠጋው በእንግድነት ነው። ድኅነት ስትጽፉ ኅዋን አትርሷት፤ በተራ «ህ» ከጻፋችኋት ድህነት ጋ ትገናኛላችሁ።

«ሴኩር» ደግሞ ከላቲን «ሴ» እና «ኩራ» ተገጣጥሞ ነው፤ ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት። ወሎዬ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቀን የጨለመበትን ሰው «አብሽር» የምንለው ለዚሁ ነው፤ አይዞህ፣ አታስብ። ዋስ ሲጠሩላችሁ የሚሰማችሁም ያው ነው።

ይህ ሁሉ ለማስታወስ ያግዛል። ዛሬ ቃሉ የት እንደሚውል የሚፈርደው ግን ሦስተኛውና አራተኛው እርምጃ ነው። ሥሩን ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሰው ካዝናው ላይ ይሰናከላል።

8. ደንባችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ከዚያ ልትሰብሩት ሞክሩ

ከመዝገበ ቃላት አትገልብጡ። የኔ ደብተር ላይ ያለው ይህ ነው፦ «ሴፍቲ፦ አደጋው እንዳይጎዳኝ። ሴኩሪቲ፦ ሰው እንዳይደፍረኝ፣ ነገዬም እንዳይናወጥ። ካዝና ያፈነግጣል።» ከዚያ ከሰበሰባችኋቸው ሃያ ዓረፍተ ነገሮች ቃሉን በጣታችሁ እየሸፈናችሁ ደንቡ ወደ የትኛው እንደሚመራችሁ እዩ። ከሃያው ሦስት አራቱን ካሳታችሁ ደንቡ ይታረማል እንጂ አይጣልም። የቤት ሰው ካለ እሱ ያንብብላችሁ፣ እናንተ ገምቱ፤ የኔ እኅት ልጅ ደሴ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች በዚህ ጨዋታ ደጋግማ አሸንፋኛለች።

ወደ አማርኛ የምትመልሱ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ደህንነትን ብቻውን አትልቀቁት። «የሥራ ላይ ደህንነት»፣ «የትራፊክ ደህንነት»፣ «የምግብ ደህንነት» ብላችሁ ከፊቱ ዘርፍ ስታደርጉለት አንባቢው አይስትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ደህንነትን ከጤንነት ጋር አጣምሮ ነው የሚያነሣው፤ ጤንነት አጠገቡ ከቆመ ማንም ዘበኛ አይመስለውም። ያንን ማስታወቂያ ዛሬ ቢያመጡልኝ «የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ባለሙያ» እለው ነበር፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ይርዘም። ፋብሪካው ጥበቃ ቢፈልግ ደግሞ ጥበቃ ብዬ እጽፋለሁ።

ለሚቀጥለው ምሽት ቀለል ያለ ጥንድ ልስጣችሁ፦ «ዊን» እና «ቢት»። አጣባቂው ቃል «አሸነፈ» ነው። «ደሴ ኮምቦልቻን አሸነፈ» እና «ደሴ ዋንጫውን አሸነፈ» የሚሉትን ጻፉና ከአራተኛው እርምጃ ጀምሩ፤ ከግሡ በኋላ የሚመጣው ተጋጣሚው ነው ወይስ ዋንጫው ብላችሁ ጠይቁ። ሻይ ሳይበርድ ያልቃል።